ከሥር የተጻፈው

እምዬ እንጉዳይ ቴሌቪዥን ላይ የወጡ ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳ ስድስት ነበር። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ዓመት ነው። ያኔ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አያቴ ከሰው ሁሉ ያረጁ ይመስሉኝ ነበር። መታወቂያቸውም እንደዚያ ነበር የሚለው። ከጎንደር ተነሥተው እስራኤል የገቡ ዕለት የመዘገባቸው ጸሐፊ የልደት ወረቀት ጠየቃቸው፤ አልነበራቸውም። ቀና ብሎ ፊታቸውን አየና አሥራ ሁለት ዓመት ጨምሮ ጻፈ።

ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ኔቬ ኦዝ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ሆነን እንኖር ነበር፤ እምዬ፣ እናቴ ሙሉእመቤት፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ኢታይ። እናቴ ፋብሪካ ትሠራለች። እምዬ በአውቶቡስ እየሄዱ ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ያጸዳሉ። ከሥራ ሲመለሱ ሶፋው ላይ አጠገቤ ይቀመጡና አብረን ቴሌቪዥን እናያለን። ዕብራይስጡ ብዙም ስለማይገባቸው እኔ እተረጉምላቸዋለሁ። የእኔ አማርኛ ደግሞ የቤት ውስጥ ትእዛዝ ብቻ ነበር። ብሉ፣ ተኙ፣ ዝም በሉ። ከኢታይ ጋር ስንቧጨቅ እናቴ «ታረቁ!» ትላለች፣ እጅ ለእጅ እንያያዛለን። ከዚህ ያለፈውን ከራሴ እየሞላሁ ነበር የምነግራቸው።

በጣም የምወደው አስቂኝ ድራማ ነበር፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስለሚኖሩ ጎረቤቶች የሚያሳይ። እዚያ ውስጥ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ አለ። ስልኩን ገልብጦ ይይዛል፣ «ዳቦ» ሲሉት «ዳዊት» ሰምቶ ይቆጣል። እኔ በሣቅ ከሶፋው እወድቃለሁ። እምዬ አይስቁም።

«ምነው ቴሌቪዥን ላይ ሽማግሌ ሁሉ ጆሮው አይሰማ?» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ የማጸዳላቸው ሰዎች እኮ ከበሩ ውጭ የማንሾካሹከውን ይሰማሉ። አንዷ ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር አንብባ ሚኒስትሮቹን ስትሰድብ ትውላለች። እሷን ለምን አያሳዩም?»

ሽማግሌው እንደገና ስልኩን ገልብጦ ያዘ፣ እኔም እንደገና ሣቅሁ።

በዚያው ሰሞን ሮተም የምትባል ወጣት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች፣ ወደ ሞዓዶን መጣች። ሞዓዶን የምንለው የሰፈሩ አረጋውያን ረቡዕ ረቡዕ የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ ነው። እምዬን ላመጣ ሄጄ ነበር። ሮተም ሴቶቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣችና እምዬ ጋ ስትደርስ ቆመች። የምትሠራው ለዚያው ለምወደው ድራማ ነበር። ለአንድ ክፍል ኢትዮጵያዊት አሮጊት ይፈልጋሉ።

«አንቺ ዕብራይስጥ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«እዚህ ነው የተወለድሁት» አልኋት።

«አሪፍ! እንግዲያውስ አብረሽ ትመጫለሽ። የሳቭታ አስተርጓሚ ነሽ።»

ሳቭታ ማለት አያት ማለት ነው፤ አስተርጓሚ የሚለውን ቃል ግን እስከዚያ ቀን ማንም ለእኔ ተጠቅሞበት አያውቅም። ቤት እስክንደርስ መሬት አልረገጥሁም።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች። «ይተዉት፣ እናቴ። እኛን ቴሌቪዥን ላይ ምን እንደሚያደርጉን አያውቁም?»

«እስቲ አንድ ጊዜ ይዩን» አሉ እምዬ። «አይተውን አያውቁም እኮ። ደግሞ ልጅቷን እያት።»

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እጆቼን አገናኝቼ እለምን ነበር። እናቴ አየችኝና ሰሐኑን መልሳ አነሣች። ቀንታ መሰለኝ።

የተቀረጸው ጋኔይ ቲክቫ በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ ገና ሰው ባልገባበት አዲስ ሕንፃ ነው። የቀለምና የሲሚንቶ ሽታ አለው። ኮሪደሩ ሁሉ ሽቦ ነበር። አንዲት ሴት እምዬን መስታወት ፊት አስቀምጣ ጉንጫቸውን በጣቷ ዳሰሰች።

«እንዴት ያለ ቆዳ ነው! ለስላሳ! ብዙ ሥራ አለብኝ» አለች።

ተረጎምሁላቸው። እምዬ አፍረው ሣቁ። ሴትየዋ በቀጭን ብሩሽ ከዓይናቸው ሥር፣ ከአፋቸው ዳርና ዳር መስመር ሣለች፤ ፀጉራቸው ላይ ነጭ ዱቄት ነሰነሰች። እምዬ መስታወቱን ትኩር ብለው አዩና «እናቴን አስመሰለችኝ» አሉ። እኔ ለሰርግ እንደሚያስጌጧቸው ነበር የቆጠርሁት።

አጠገባችን የዚያ የማይሰማው ሽማግሌ ተዋናይ ኦሃድ ተቀምጦ ነበር። ነጩን ዊግ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል፤ ሥሩ ጥቁር ፀጉር ነው። ስልክ ይዞ በሹክሹክታ ያወራል፣ በሹክሹክታም ይሰማል። በጣም ደነገጥሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ እውነተኛ ደንቆሮ መስሎኝ ነበር።

ዳይሬክተሩ ኤሊራን ይባላል። ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ቁጡ ሰው ነው። አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊፍት ውስጥ ትገባለች፣ ሊፍቱ «በሩ እየተዘጋ ነው» ብሎ ሲናገር ደንግጣ እጅ ትነሣለች አለ። ተረጎምሁ።

«ሊፍት?» አሉ እምዬ። «በቀን ሠላሳ ጊዜ የምመላለስበትን? ንገሪው፣ ሲበላሽ እንኳ ቁልፉን አምጥቼ የማስነሣው እኔ ነኝ።»

ነገርሁት። ኤሊራን ሣቀ። «በሰደር፣ እሺ፣ እንደማታውቅ ትሁን።»

እምዬ ሞከሩ። ገቡ፣ ሊፍቱ ተናገረ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ኤሊራን ራሱን ነቀነቀ። ደገሙ። ሦስተኛውን ሲጨርሱ «አልፈራችም! ጭራሽ አልፈራችም!» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ ሮተም ትከሻዬን አቅፋ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ስሚኝ ሃጋር፣ ለሳቭታ ትንሽ ሰርፕራይዝ ልናደርግላት ነው። ስትገባ መብራቱ ይጠፋል፣ በሩም ቶሎ አይከፈትም። ካወቀች ይበላሻል። አትነግሪያትም፣ በሰደር?»

ባለፈው ወር ለኢታይ ልደት መብራት አጥፍተን ጠብቀነው ነበር፤ ሲገባ ሁላችን ጮኽን፣ እሱም ከደስታ ብዛት አለቀሰ። ሰርፕራይዝ ማለት ለእኔ ያ ነበር። «በሰደር» አልሁ። ሮተም ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ራሴ ላይ አደረገችልኝ። በሊፍቱ ውስጥ የእምዬ ትንፋሽ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

እምዬ ከመግባታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ። «አሁንስ ምን አድርጊ አሉኝ?»

«ምንም» አልሁ። «እንደቅድሙ።»

ሁለት ቃል ነው። ሌላውን ሁሉ ያደረጉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ እነዚያን ሁለት ቃላት ግን እኔ ነኝ የተናገርሁ።

በሩ ተዘጋ። መብራቱ ጠፋ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ፣ የሰው ቤት እንደሚንኳኳ። «ሃጋር?» አሉ። ከዚያ «ሃጋርዬ፣ ንገሪያቸው» አሉ። ሮተም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ። ዝም አልሁ።

ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ እምዬ ሲያወጡት ሰምቼ አላውቅም። በሩን በሁለት እጃቸው ይመታሉ፣ በአማርኛ በጣም ፈጥነው ይጮኻሉ፤ የያዝሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ታረቀ! ታረቀ!»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ! እናቴ ሁልጊዜ የምትለን ነው። እምዬ ከሊፍቱ ጋር ተጣልተው እየታረቁ ነው ብዬ ገመትሁ። ከራሳቸው አውጥተው እንዲህ ያለ የሚያስቅ ነገር መጫወታቸው አስገረመኝ፣ በሣቅ ፈረስሁ። የእኔን ሣቅ አይተው ሠራተኞቹም አፋቸውን አፍነው ሣቁ። ኤሊራን እንዳይቋረጥ እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ቆሟል።

ያልሣቀው ኦሃድ ብቻ ነው። ከዘራውን ወርውሮ እየሮጠ መጣ። «ዳይ! በቃ! ይህ ትወና አይደለም፣ አትሰሙም እንዴ? ክፈቱላት!» ብሎ ኤሊራንን ገፈተረው። እኔ በኦሃድ ተናደድሁ። አያቴ ከእሱ በልጠው ስላሳቁ የተመቀኘ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሰማው እሱ ብቻ ነበር።

በሩ ሲከፈት እምዬ ጥግ ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሻሻቸው ወልቋል። የተሣለው መስመር በእንባ ቀልጦ እስከ አንገታቸው ወርዷል። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ ለትንሽ ጊዜ ማን እንደሆንሁ ያወቁ አልመሰለኝም። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብሁ። ሮተም በፍጥነት ገብታ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውኃ በወረቀት ማድረቅ ጀመረች። ውኃው ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። ብዙ ዘመን ቆይቼ፣ እኔ ራሴ ልጅ ወልጄ ሌሊት አንሶላዋን ስቀይር፣ ድንገት ገባኝና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልሁ።

ቤታችን ደርሰን እምዬ የሊፍቱን በር አልፈው ወደ ደረጃው ሄዱ። «አይ፣ በእግሬ ልውጣ» አሉ። ለእናቴ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔ ግን ሁሉንም በደስታ ነገርኋት፤ የቀለሙን፣ የጨለማውን፣ የሠራተኞቹን ጭብጨባ። «እምዬ 'ታረቀ፣ ታረቀ' እያሉ አሳቁን!» ስላት እናቴ ግድግዳውን ያዘች። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ውኃውን ከፍታ ብዙ ጊዜ ቆየች። ሰሐን እያጠበች ነው ብዬ አልፌ ሄድሁ።

ድራማው የተላለፈ ዕለት ጎረቤቶች ቤታችን ሞሉ። እምዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው መካከል ላይ ተቀምጠዋል። በስክሪኑ ላይ ጨለማው መጣ፣ ድምፃቸው መጣ፤ ከሥር ደግሞ በዕብራይስጥ ትርጉሙ ተጻፈ። የተቀረጸ ሣቅ ተጨምሮበታል። አነበብሁት፣ በሣቅ ተንፈራፈርሁ። የጻፉት ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ ከእኔ ይልቅ አማርኛ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። አማርኛ የሚያውቁት ጎረቤቶቻችን ግን አንዳቸውም አልሣቁም። አንዱ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እናቴ ተነሥታ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

«ከሥር ምን ብለው ጻፉ?» አሉ እምዬ።

«ምንም» አለች እናቴ። «ምንም አላሉም።»

ከዚያ በኋላ እምዬ በሥራ ቦታቸውም ባልዲና መወልወያ ተሸክመው ስድስት ፎቅ በደረጃ ይወጡ ጀመር። ስፖርት የሚሠሩ መስሎኝ ለጓደኞቼ አወራሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሥራ መሄድ ተዉ። ቴሌቪዥን ላይ የወጣ ሰው ወለል አያጸዳም ብዬ በክፍሌ ልጆች ፊት ኮራሁ። እውነቱ ሌላ ነው፤ አስተዳዳሪው ሥራቸው እንደዘገየ አይቶ፣ መታወቂያቸውን አይቶ፣ «ሳቭታ፣ አሁን እረፊ፣ አርጅተሻል» ብሎ አሰናበታቸው። በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው።

ዛሬ ሥራዬ ማስተርጎም ነው። እዚሁ ፔታ ቲክቫ ክሊኒክ ውስጥ፣ ዕብራይስጥ የማይችሉ ሽማግሌዎቻችንንና ሐኪሞቹን አገናኛለሁ። አማርኛውን እንደገና ተማርሁት፤ በትልቅነቴ፣ ከበሽተኞች አፍ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ባልደረባዬ ኖይ ስልኳን ይዛ እየሣቀች መጣች። ከድሮ አስቂኝ ድራማዎች የአሮጊትና የሽማግሌ ትዕይንት እየቆረጠ ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፍ ሰው አለ። «ይህችን እያት፣ ሞትሁ!» አለችኝ። የማን አያት እንደሆኑ አታውቅም።

ድምፁ ክፍት ነበር። ማንኪያዬ እጄ ላይ ቀረ።

«ታረቀን ወዴት ትወስዱታላችሁ? ልጅ ነው እኮ! እኔን ውሰዱኝ! ታረቀን መልሱልኝ! ታረቀ! ታረቀ!»

ታረቀን። ግስ ቢሆን «ታረቀን መልሱልኝ» አይባልም። ሰው ተጠርቶ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዕርቅ ያልሁት ነገር የልጅ ስም ነበር።

ከሥር በዕብራይስጥ እንዲህ ተጽፏል፤ «ፍየሌን ወዴት ትወስዷታላችሁ? ፍየሌን መልሱልኝ!» ከዚያ ሣቁ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ኖይ በሩን እያንኳኳች «ሃጋር፣ ምን ሆንሽ?» ትላለች። ከዚያ ቀጥታ ወደ ኔቬ ኦዝ ሄድሁ። እናቴን ከሕንፃው ሥር አገኘኋት፤ ከገበያ ስትመለስ። ዘንቢሏን እንኳ አልተቀበልኋትም።

«ታረቀ ማነው?»

እናቴ ፊቴን አየችና አጥሩ ላይ ተቀመጠች። «ታላቅ ወንድሜ» አለች።

የነገረችኝ ይህን ነው። «ወደ ሱዳን ልንሻገር ስንል ወታደሮች ያዙን፤ ጎንደር አሰሩን። አንዲት መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ሴቱም ልጁም ተጨናንቆ ነበር። እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ታረቀ ዐሥራ ዘጠኝ። በሩ ተከፈተ፣ ስሙን ጠርተው አወጡት፣ በሩ ተዘጋ። እናቴ በሩን ሲመቱ ሰነበቱ። ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።» «እናንተ እንዳትሸከሙት ብለን ነው ዝም ያልነው» አለች። «ዝም ስንል ደግሞ አንቺ እየሣቅሽ መጣሽ።»

«የጻፉትን ለእምዬ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?»

«እንዳትነግሪያቸው» አለች እናቴ። «ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው አሁን። በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ እንዳትነግሪያቸው።»

ያን ጊዜ ነው ሰባ ዘጠኝን ሰምቼ ወደ ኋላ የቆጠርሁት።

እምዬ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። አሁን እውነትም አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው በዚያ ሁሉ ደረጃ አልቋል። ጆሯቸው ግን ገና ከበሩ እርምጃዬን ለየ፤ «ሃጋር ነሽ?» አሉ። እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ።

«እምዬ፣ ያን ቀን መብራቱ እንደሚጠፋ አውቅ ነበር። ነግረውኛል። እርስዎ ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስትስቂ በበሩ በኩል ሰማሁሽ። መጀመሪያ ላይ እዚያ እስር ቤት ነበርሁ፣ ጎንደር። በሩም ጨለማውም ያው ነው። ኋላ ሣቅሽ መጣ። እዚያ ቤት ልጅ ሥቆ አያውቅም። እዚህ ነኝ ማለት ነው አልሁ። ጋኔይ ቲክቫ ነኝ፣ ሃጋር ውጭ ናት አልሁ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»

ማልቀስ ጀመርሁ። እሳቸው ግን ስለ እኔ ለቅሶ አላሰቡም። ጎንበስ ብለው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ አልነግርም አለችኝ፣ ሰውም አፍሮ ዝም ይለኛል። እኔ የልጄን ስም ጠርቻለሁ፤ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ከሥር ምን ብለው ጻፉ?»

እናቴ በረንዳው በር ላይ ቆማ ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አትንገሪያቸው ትለኛለች በዓይኗ። በሥራዬ ላይ ለበሽተኛ ክፉ ወሬ የምተረጉመው ቃል በቃል ነው፤ ለእምዬም እንደዚያው ተረጎምሁ።

«'ፍየሌን ወዴት ትወስዷታላችሁ' ይላል፣ እምዬ። 'ፍየሌን መልሱልኝ' ይላል።»

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ወደ መንገዱ ዞረው አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አውርዶ እስኪሄድ ድረስ አዩ።

«እኛ እኮ ሸማኔዎች ነን» አሉ ቀስ ብለው። «ፍየል ኖሮን አያውቅም።»

ቀጥሎ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ወደ እኔ ሲዞሩ ያየሁት ፊት ማንም በብሩሽ ሊሥለው የማይችል ነበር።

«ታረቀን ነው?» አሉ። «ታረቀን ነው ፍየል ያሉት?»

«አዎ፣ እምዬ» አልኋቸው።